ፎራ የሚባል መንደር የለም

የካቲት 2፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ

የቤርጎዬን አንሶላ አጥቤ አሰጣሁ። የ3 ቁጥር ክፍል ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል። ስልኬን ስከፍት፣ ውድ ማስታወሻዬ፣ የጻፍኩትን አጥፍቶታል! ከሞያሌ ኬንያ ያለችው ሶሎሎ ድረስ በእግር የሚወስደውን መንገድ በኢንተርኔቱ የተጓዦች መመሪያ ላይ ትናንት አርሜ ነበር። የገጹ አራሚ፣ የት አገር እንዳለ እንኳ የማላውቀው ሰውዬ፣ ወደ ድሮው መልሶታል። ምክንያቱ፦ ማስረጃ የለም።

ገጹ የሚለው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ኦዳ። ሁለተኛው ሌሊት «ፎራ መንደር፤ ውሃና ወተት ይገኛል»። ቀጥሎ ሶሎሎ። የምን ፎራ መንደር! ፎራ በቦረንኛ ሣር እየተከተለ የሚዞር የከብት ሰፈር ነው። ዘንድሮ እዚህ፣ ለከርሞ እዚያ። የጻፈው ሰው በዝናብ ወራት አልፎ፣ ይሄ ምንድነው ብሎ ጠይቆ፣ ፎራ ብለውት፣ ካርታ ላይ ነጥብ አድርጎ ሄዷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

መንደር እንደሌለ በምን ይመሰከራል? እንደገና ጻፍኩ።

ያው፣ ማታ

እንደገና አጠፋ። ደሜ ፈላ።

የካቲት 3፣ ረቡዕ

ሁለት እንግዶች። እህትማማቾች፣ ከናይሮቢ። ትልቋ ዋንጂሩ፣ ነርስ ናት፤ ትንሿ ብዙ አትናገርም። ዓርብ ሶሎሎ በእግር ሊሄዱ። ደስ አለኝ፤ እዚህ ከተማ የሚመጣው ሁሉ ለማለፍ ነው የሚመጣው፣ በእግሩ ሊያየው የመጣ ሰው ብርቅ ነው። ደስታዬ አልቆየም። ዋንጂሩ ገጹን አሳትማ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። የሚይዙት ውሃ እስከ ሁለተኛው ማታ ብቻ። የቀረውን ፎራ እንቀዳለን ትላለች።

በዚህ ፀሐይ! መንደር የለም አልኳት፣ በተሰባበረው ስዋሂሊዬ። ፈገግ አለች። ማማ፣ መጽሐፉ ላይ አለ አለችኝ። መጽሐፍ አይደለም፣ ማንም የሚጽፍበት ነው ብላትም ወይ ፍንክች። የቤርጎ ባለቤት እንግዳዋን አንድ ሌሊት ልታስጨምር የምታወራው መሰላት መሰለኝ።

የካቲት 4፣ ሐሙስ

ጎዳናን ጠራሁት። ጎረቤቴ ነው፣ ቦረና፣ የፒኪፒኪ፣ የሞተር ሳይክል ነጂ። ስሙ ጎዳና፣ ራሱ ግን ሱቅ ድረስ እንኳ በእግሩ አይሄድም። ያገሩን ልጅ ታምናለች ብዬ ነው። ዋንጂሩ ፎራ አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«ፎራ? አለ እንጂ!»

ልመታው ምንም አልቀረኝም። እውነቱን ነው እኮ፣ ፎራማ አለ! ዘንድሮ የት እንዳለ ንገራት ስለው፣ ዳበል ማዶ ነው አለ። ዳበል በሌላ አቅጣጫ ነው። ዋንጂሩ ግን የሰማችው «አለ»ን ነው። ወረቀቷን አጣጥፋ ክፍሏ ገባች። ገጹን የጻፈው ሰውዬም ያኔ የተሳሳተው እንደዚሁ ነው፤ የት ብሎ አልጠየቀም።

ተቀምጬ አሰብኩ። ማስቆም አልችልም። ማሳመንም አልቻልኩም። አብሬ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ቢያመኝም ይመመኝ። ቤርጎውን ለሌላ ጎረቤት አደራ። ጎዳና በፒኪፒኪው ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዞ በሌላ መንገድ ነጥቡ ላይ ይቀድመናል። አጉረመረመ። ያንተ ምላስ ነው ያመጣው አልኩት።

የካቲት 5፣ ዓርብ፣ ኦዳ

ደረስን። ጉልበቴ አብጧል። ዋንጂሩ በፋሻ አሰረችልኝ፣ እጇ ለስላሳ ነው። ለምን እንደመጣሁ አሁንም አልገባትም። ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ግትር። እኔን ነው የምትመስለው።

የካቲት 6፣ ቅዳሜ፣ ወደ 11 ሰዓት

ነጥቡ ላይ ነን። የዋንጂሩ ስልክ ደርሳችኋል ይላል።

ምንም። የወዳደቀ የእሾህ አጥር፣ የደረቀ ኩበት፣ ነፋስ። ትንሿ ዞር ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ ባዶ ጠርሙሷን ጨበጠች። ዋንጂሩ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጎዳና ገና አልደረሰም። ያቺ ሰዓት፣ ማስታወሻዬ፣ ፈራሁ። ጎማ ቢፈነዳበትስ?

የሞተሩ ድምፅ መጣ። በሕይወቴ እንዲህ የጣፈጠኝ ድምፅ የለም። ጎዳናን ሰደብኩት፣ ቀጥዬ ሳምኩት።

ዋንጂሩ ጠጥታ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ማማ፣ ብቻችንን ብንሆን ኖሮስ?» አለችኝ። ኩባያዋን ደግሜ ሞላሁላት።

በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አነሳሁ።

የካቲት 10፣ ረቡዕ

ቤቴ። እኔን ጎዳና በፒኪፒኪው መለሰኝ፤ እነሱ ሶሎሎ በሰላም ገብተዋል፣ ዋንጂሩ ደውላለች። ተመስገን። ፎቶዎቹን ለአራሚው ላክሁ። መልስ፦ ፎቶዎቹ ላይ ምንም አይታይም።

እኮ! ብቻዬን እስክነፈርቅ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ሌላ ሰው ይሄን ገጽ አሁን እያነበበ ነው። ዛሬ፣ የሆነ ቦታ፣ ውሃውን እየቆጠረ።

የካቲት 12፣ ዓርብ፣ ጠዋት

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ሰውዬው የሚያጠፋው ስሰርዝ ነው፤ ስጨምር አያጠፋም። እሺ። መንደሩን አልነካሁትም። ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ፎራ በእግሩ የሚሄድ መንደር ነው። ዘንድሮ ዳበል ማዶ ነው ያለው። ከመነሳታችሁ በፊት የት እንዳለ ሞያሌ ጠይቁ። እስከ ሶሎሎ የሚበቃችሁን ውሃ ከቤት ያዙ።»

ማታ

ተቀበለው! እንዲያውም አመሰገነኝ፤ በየጊዜው ይታደስ ይላል። በየጊዜው! በማን ጉልበት?

የካቲት 20፣ ቅዳሜ፣ ማለዳ

ጎዳና ደጅ ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ፎራው ከዳበል ማዶ ነቅሏል አሉ፣ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ተዪው አለኝ፣ ማን ያነበዋል። እንኳን ልተወው። ፋሻዬን አሥሬያለሁ፣ ውሃው ተጭኗል። ሄጄ የት እንዳለ በዓይኔ አይቼ እጽፋለሁ።