ተረብ የሚያትመው ማሽን

ታኅሣሥ 9

ጠዋት ማሽኑን ቁርስ አበላሁት። እህቴ ሀቢባ እንዲህ ስል አትወድም። «ቁርስ አይደለም፣ ጽዳት ነው» ትላለች። ያው ነው… በየቀኑ ጨርቅ ላይ ትንሽ ካላተመ ቀለሙ ይደርቅና መርጫዎቹ ይደፈናሉ። ሥራ ኖረም አልኖረም ይጠጣል። ቲሸርት ላይ በቀጥታ የሚያትም ማሽን ነው፣ ሀቢባ አዲስ አበባ ተቀጥራ ያጠራቀመችውን ሁሉ አፍስሳ የገዛችው። የአባባን የጨርቅ ሱቅ ግማሹን ይዞታል። እኔ ደግሞ የቀረውን ግማሽ። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማምተን ተለያየን፤ ከዚያ ወዲህ እዚሁ ነኝ።

ለሙከራ ሀቢባ መስመር ብቻ ነው የምታትመው። እኔ ዛሬ «የጠፋ ፀጉር ያገኘ ለቢያዝን ይመልስ» ብዬ አትሜ በር ላይ ሰቀልሁት። ቢያዝን ፊት ለፊታችን በስክሪን የሚያትመው ጎረቤታችን ነው። ግንባሩ ማጅራቱ ደርሷል። ወጥቶ አነበበው።

«አብዱልበሲጥ፣ ለአባትህ ነው የምናገር።»

«ንገራቸው። እሳቸውም ፀጉርህን አላዩትም።»

አባባ መጡ፣ አዩት። «ጨርቁስ የማን ነው?» ብቻ አሉ። ነጋዴ…

ታኅሣሥ 13

ትልቅ ትእዛዝ። ከመራዊ የመጡ የእግር ኳስ ደጋፊዎች። ስልሳ ጥቁር ቲሸርት፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ጽሑፍ። አባባ ራሳቸው ተደራደሩ። ቢያዝን ከሚያስከፍለው ዝቅ አደረጉና ወሰዱበት።

ሰዎቹ ሊወጡ ሲሉ «ሐጂ፣ ይመርቁልን እንጂ» አሉ። አባባ ይቺን ቃል ሲሰሙ እጃቸው ብቻውን ነው የሚሄድ። አቡጀዲ ሲሸጡ አንድ ክንድ ይጨምራሉ። አሁን ደግሞ ለአሥሩ አንድ ቲሸርት፣ በነፃ። ሀቢባ በጣቷ ስድስት ቆጠረች። «ያለ ምርቃት የሸጠ ደንበኛ አባረረ» አሉ አባባ፣ ሳይጠየቁ።

እኔ ጨፈርሁ። ቢያዝን በመስኮት ሲያየኝ ደግሜ ጨፈርሁ።

ታኅሣሥ 18

አስረከብን። ከሰርን።

አልገባኝም ነበር። ሀቢባ አስረዳችኝ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ነጭ ለመጻፍ መጀመሪያ ፈሳሽ ይረጫል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ነጩ ቀለም ወፍራም ሆኖ ይነጠፍበታል። ነጩ ደግሞ ከሁሉ ውዱ ነው።

«ታዲያ ቢያዝን እንዴት ያተርፋል?»

«ቢያዝን ለአንድ ጽሑፍ አንድ ፍሬም ይሠራል። ድካሙም ወጪውም እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መቶም ቢሆን በፍሬሙ ላይ ቀለም መጎተት ብቻ ነው። የሱ ሥራ ሲበዛ ይረክሳል። የኛ ማሽን ግን ለአንደኛውም ለስልሳኛውም እኩል ነው የሚጠጣ። መብዛት አይገባውም።»

«ምርቃቱስ?»

«ምርቃቱማ በቁሙ የሄደ ነው።»

አባባ ከኋላችን ሰምተዋል። አልተቆጡም። እሱ ነው የሚያስፈራ። «እስከ ጥር መጨረሻ» አሉ። «ማሽኑ የቀለሙን ዋጋ ካላመጣ፣ ሽጡልኝ ሲል የከረመው ያ የጎንደሩ ሰውዬ ይግዛው። ሀቢባ ከእኔ ጋር ጨርቅ ትለካለች። አንተ ወረታ፣ አጎትህ ዘንድ ወርደህ የሩዝ ከረጢት ትሰፋለህ።»

የሩዝ ከረጢት… ሩዝ ላይ እንዴት ነው ሙድ የሚያዝ?

ሀቢባ ብታለቅስ አስቃት ነበር። አላለቀሰችም። ማሽኑን በጨርቅ ስትወለውል ዋለች።

ታኅሣሥ 19

መብራት የለም። ማሽኑም እኔም ተኛን።

ታኅሣሥ 23

ኪሩቤል የሰፈሬ ልጅ ነው። በጥር ለሚያገባው ለቴዎ አንደኛ ሚዜ ሆኗል። ይረሳል። ባጃጅ ውስጥ ጫማ ረስቶ ያውቃል፣ ያደረገውን ጫማ። ቴዎ ለዚህ ሰው ነው ቀለበት ያዝልኝ ያለው። ምን ነክቶት ይሆን?

ዝም ማለት አልቻልሁም። ሀቢባ ምሳ ስትሄድ አንድ ነጭ ቲሸርት ላይ አተምሁለት፦ «ቀለበቱ እኔ ጋ ነው… መሰለኝ»። ጣና ዳር ዓሣ ሲበሉ ሚዜዎቹ ሁሉ ባሉበት ሰጠሁት። ለመሮጥ የጫማዬን ክር አጥብቄ ነበር።

አነበበ። ሸሚዙን አወለቀና ለበሰው።

ዓሣ የምትጠብሰዋ ሴትዮ ጭልፋዋን ይዛ ሳቀች። ከታንኳ የወረዱት ሁሉ እየዞሩ ያነቡታል። ሌሎቹ ሚዜዎች ዓሣቸውን ትተው ደረቱን ያያሉ… ለካ ቅናት ነው።

«የእኔስ ምን ይላል?» አለ አንዱ።

ታኅሣሥ 25

ዛሬ። ዛሬን እንዴት ብዬ ልጻፈው…

ሚዜዎቹ መጀመሪያ የሄዱት ቢያዝን ጋ ነው። «ስድስት ሰው፣ ስድስት ዓይነት ጽሑፍ? ስድስት ፍሬም ልሥራላችሁ? ከሠርጉ ድግስ ይበልጣል» ብሎ በአገጩ ወደኛ ጠቆማቸው። ሊገላገላቸው።

ሀቢባ ሰማቻቸው። ዓይኗ ማሽኑ ላይ ቀረ።

«አብዱ… ለሱ እኮ ያው ነው።»

«ለማን?»

«ለማሽኑ። ስድስት አንድ ዓይነትም ስድስት የተለያየም፣ ያው ነው። ፍሬም የለው። ጽሑፍ ቢቀየር ምንም አይጨምርም። እኛ እስከ ዛሬ የቢያዝንን ሥራ ነው ስንሠራ የኖርን።»

ነጭ ቲሸርት፣ ጥቁር ፊደል። ውዱ ቀለም አይነካ። ከዚያ ዋጋ ነገረቻቸው፣ የመራዊዎቹን እጥፍ። ኪሩቤል «እሺ» አለ። እሺ! አልተከራከረም። እሱ ደረት ላይ ብቻ ያለን ነገር ከየትኛው ሱቅ ዋጋ ጋር ያስተያየው?

ግን ሊወጣ ሲል ዞረ። «ሐጂ፣ ይመርቁልን እንጂ።»

የአባባ እጅ ተነሣ። ወደ መደርደሪያው መሄድ ጀመረ። ሀቢባ ዓይኗን ጨፈነች። ዘልዬ መሀል ገባሁ።

«ምርቃቱ ከእኔ ነው። ተረቡን እኔ እጽፍላችኋለሁ። ለየአንዳንዳችሁ፣ እንደ ጠባያችሁ። በነፃ።»

«አንተ ያወጣኸው ከሆነማ…» አለ ኪሩቤል። ረክተው ወጡ። አባባ እጃቸው አየር ላይ እንደቆመ አዩኝ። «ወሬ ደግሞ ይመረቃል እንዴ?»

ጥር 4

መሲ መጣች። የሙሽራዋ የወንጌላዊት የአክስት ልጅ። ኪሩቤልን ያን ቲሸርት ለብሶ ከተማ መሀል አይታዋለች።

«ወንዶቹ ምን ምን እንዳስጻፉ ንገረኝ።»

«ምስጢር ነው። የደንበኛ።»

«እኛም ስድስት ሴቶች ነን።»

«ተቀመጪ።»

ኪሩቤልን ለማንም አልናገርም ብዬው ነበር። አልተናገርሁም እኮ… ማሽኑ ላይ የነበረውን አሳየኋት እንጂ። መልስ መልሱን አብረን ስናወጣ ሆዴን አመመኝ በሳቅ።

ሀቢባ ግን አልሳቀችም። «ቢጣሉስ? የሰው ሠርግ እኮ ነው። አንድ ሰው ቢቀየም ነገ ማንም እዚህ ደጅ አይደርስም። ማሽኑም ይሄዳል።» ቢሆንም አተመችው። እሷም ማየት ፈልጋለች፣ አውቃታለሁ።

ጥር 12

ጥምቀትም አለፈ። ሠርጉ ደረሰ። ቀልድ ሠርቼ ስፈራ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥር 18

ትናንት ሠርጉ፣ ሐሙሲት ከተማ፣ የሙሽራዋ ቤት። ሴቶቹ እንደ ደንቡ በሩን ዘግተው አናስገባም አሉ። ሚዜዎቹ እንደ ደንቡ ለመኑ። ከዚያ ኪሩቤል ጠቀሰ፣ ስድስቱም ኮታቸውን ከፈቱ። የኪሩቤል ያው የቀለበቱ። ቀጥሎ «የመጣሁት ለክትፎው ነው»። ከሁሉ ረጅሙና ዓይን አፋሩ ደግሞ «ላጤ ነኝ። ያስጻፈችው እናቴ ናት»። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ኪሩቤል ደረቱን ነፋ።

«ጨረሳችሁ?» አለች መሲ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ገለጡ። ከኪሩቤል ትይዩ «ፈትሹት፣ የለውም»። ከባለ ክትፎው ትይዩ «ክትፎው አልቋል»። ከላጤው ትይዩ «እናትህ መጥታ ነበር። እያሰብንበት ነው»።

ኪሩቤል ቀስ ብሎ ዞረና በሰው መሀል ፈለገኝ። አገኘኝ። በቃ፣ አልሁ፣ ወረታ…

የሙሽራዋ አባት አቶ አስማማው ኮስታራ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አወጡ። በጣታቸው እየተከተሉ የሴቶቹን አነበቡ፣ የወንዶቹን አነበቡ። ላጤው ጋ ሲደርሱ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እንዲያው ልጄ… እናትህ ደኅና ናቸው?» አሉት።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላውቅም። አሮጊቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ይስቃሉ። ስልክ ያልያዘ የለም። ኪሩቤል መጥቶ አንገቴን አነቀኝ፣ እየሳቀ። «ከሃዲ። ለነሱም ለኛም?» «ደንበኛ አይመረጥም» አልሁት።

ለሙስሊም በተለየው ጠረጴዛ እኔና ሁለት ሾፌሮች ብቻ ነበርን። አንደኛው ሳህኑን ሳይጨርስ ለረዳቱ አዘዘኝ፦ «መልስ የለኝም»። ዛሬ ጠዋት አተምሁት።

ጥር 22

መቀመጫ የለም። አንዷ ለሚያንኮራፋ ባሏ፣ አንዱ ለአለቃው (ስሙን አትጻፍ አለኝ፣ እየተገላመጠ)። ሁሉም አንዳንድ። ሀቢባ ስትሠራ ታንጎራጉራለች፤ ድምጿ መጥፎ ነው፣ ነገርኋት፣ ቀጠለች።

አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት መቶ አንድ ዓይነት ሊያዝ መጣ። ሀቢባ ቢያዝን ጋ ላከቻቸው። እሱም አንድ ብቻ የሚፈልገውን ወደኛ ይልካል። እኔ ጋ ሲያደርስ ግን ደንበኛውን «ተጠንቀቅ» ይለዋል።

አንዲት ልጅ «ሐጂ፣ ይመርቁልኝ» አለቻቸው አባባን። እጃቸው ተነሣ… መደርደሪያውን አልፎ ወደ እኔ ጠቆመ። «ቲሸርት አልመርቅም። ይሄ ልጅ ግን ያውልሽ።»

ጥር 30

የጎንደሩ ሰውዬ ፒክአፑን ይዞ ከች አለ። አባባ ሻይ አዘዙለት። ዋጋ ጨመረ። እንደገና ጨመረ። የአባባን ፊት ሳየው… አባቴ ነጋዴ ናቸው፣ ጥሩ ዋጋ ሲጠራ ጆሯቸው ይቆማል።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉት። «ባለቤቷ ያችውልህ።»

ሀቢባ ከሥራዋ ቀና አላለችም። «አይሸጥም» አለች። ሰውዬው ሻዩን ጠጣ፣ ሄደ። አባባም ወደ ጨርቃቸው ተመለሱ።

ከሰዓት የወረታው አጎቴ ደወሉ። «መቼ ነው የምትመጣ? ከረጢቱ ተከምሯል እኮ።»

«አልመጣም አጎቴ። ሥራ አለብኝ።»

ሳቁ። ተረብ መስሏቸው በጣም ሳቁ። ሚስታቸውን ጠሩ፣ «ነይማ ስሚው፣ እስቲ ድገምላት» አሉኝ። ደገምሁላት። እሷም ሳቀች።

ምንም አልጨመርሁበትም። ደንበኛ እየጠበቀኝ ስለ ነበር ዘጋሁት።