ስለ ማጥቢያ ክፍላችን ደወል፣ ሳሙናና በር

ግንቦት 12 ቀን። ዛሬ ጠዋት ልጄ ያስመለሰችው ወተት ደም ነበረበት።

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከግራ ጡቴ በቀር ደህና ነኝ። ደሙ ከተሰነጠቀው የጡቴ ጫፍ እንጂ ከልጄ አለመሆኑን የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነግራኛለችና አይደንግጡ። ለማጥቢያ ክፍሉ ያለኝን ምስጋና ልጄን በአንድ እጄ ይዤ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የማጥቢያ ሰዓታችን ማለቁን የሚነግረንን ደወል ስላሰቀሉልን እናመሰግናለን። ሲጮህ ሁላችንም ደንግጠን ልጆቻችንን ከጡታችን እንመነጭቃለን። አዋላጇ «እህቴ፣ መጀመሪያ ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂያት፤ ጡት እኮ ቁልፍ አይደለም፣ ሲበጠስ መልሰሽ አትተክዪውም» ብላኛለች። ሕፃኗ አፏን በሰፊው ከፍታ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ጭምር እስክትጎርስ መታገሥም ያስፈልጋል አሉ፤ የእርስዎ ደወል ግን ይህን ምክር አልሰማም።

፪. «ከማጥባት በፊት ጡትን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ከነሳሙናው ስለሰጡን ደግሞ ልዩ ምስጋና ይድረስዎ። ወለሉም የሚታጠበው በዚያው ሳሙና ስለሆነ አድልዎ የለብዎትም። ንጹሕ ውኃ ይበቃ ነበር፤ ሳሙናው ቆዳችንን አድርቆ ሰነጣጠቀው። አጠገቤ የምትሰፋው፣ «ምላጭ» የምንላት ባልደረባዬ፣ «ተዪያቸው እባክሽ፣ ጡት ከጣሉ ቆይተዋል፤ ረስተውት ነው» ብላ ተሟግታልዎታለች።

፫. በሩ ለቁጥጥር ሁልጊዜ ክፍት ይሁን ማለትዎም ይመሰገናል። ከጠባች በኋላ ጥቂት የራሴን ወተት ቁስሉ ላይ ቀብቼ ነፋስ እንዲያደርቀው ታዝዣለሁ። የስፌት መኪና መካኒኮቹ በበሩ ሲመላለሱ ግን እርጥቡን እሸፍነዋለሁ፤ ሸሚዜ ይጣበቃል፤ ሳላቅቀው እንደገና ይደማል።

፬. ደወሉ ጮኸ። አልጠገበችም።

ስለዚህ በአጭሩ፦ እኔ ልጄን ጡት ለማስጣል አልወሰንኩም። እርስዎ ግን ሳይነግሩኝ የወሰኑልኝ ይመስለኛል።

በደወልዎ የምመነጭቅ፣ በሳሙናዎ የምሰነጠቅ፣ በክፍት በርዎ የምታይ፣ ዘወትር አክባሪዎ፣
የኮሌታ ክፍል ሰፊ

ግልባጭ፦ በመመገቢያ አዳራሹ ሰሌዳ ላይ ለሚያነብ ሁሉ

ይህንንም ልጨምር፦ ወደ መተኮሻ ክፍል እንዳደርስ ያዘዙኝ የኮሌታ እሽግ ጠረጴዛዎ ላይ፣ ከዚህ ደብዳቤ ሥር ነው። መንገድ ላይ ሳለሁ ልጄ ማጥቢያ ክፍሉ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት። ሄጃለሁ፤ በሩንም እዘጋዋለሁ። ለቁጥጥር ሲመጡ እባክዎ ያንኳኩ።