የእናቴን ጆሮ ላደነቆሩት የሕንጻችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ የሕንጻችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ እንደምን አለልዎ? ሳሎናችን ውስጥ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ሲያቃስቱ እሰማ ስለነበር ሐሳብ ገብቶኝ ነው። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የእናቴ ጆሮም ለዕድሜዋ ምንም እንዳልጎደለው ሐኪም ስላረጋገጠልን፣ ምሥራቹን በአደባባይ ላድርስዎ ብዬ ነው ብዕር ማንሳቴ።

አንደኛ፦ ስለ ደግነትዎ ላመስግን። ሳሎናችንን ትንሽ ሲኒማ ቤት ለማስመሰል ድምፅ ማጉያዎቹን በየጥጉ ስናቆም፣ አንዱን ከኋላ ከእናቴ ወንበር አጠገብ ያደረግነው ንግግሩ በደንብ እንዲደርሳት ነበር። የእሱ ሽቦ አጠረ። ባለሙያ ልንጠራ ስንል፣ ኮሚቴው ያልፈቀደለት ቴክኒሻን በሩን እንደማያልፍ አስታውሰውን፣ “እኔ እያለሁ የውጭ ሰው? ይሄማ ስድብ ነው!” ብለው እጅጌዎን ሰበሰቡ። መቀጠያ ሽቦ አምጥተው የሁለቱን ጫፎች ልጠው እንደ ሹሩባ ጎነጎኑት፣ በናስትሮ ጠቀለሉት፣ ምንጣፍ አለበሱት። ማያያዣ አያስፈልገውም ወይ ብዬ ብጠይቅ “እህቴ፣ እኔ ያሰርኩትን ሞት ብቻ ነው የሚፈታው” አሉኝ። ሞት ሳይመጣ ተፈታ።

ሁለተኛ፦ ፊልም ስናይ እናቴ “ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው ግን ሩቅ ነው” ማለት ጀመረች። እኛ ከፊት የምንቀመጠው የሌሎቹ ማጉያዎች ድምፅ ስለሚደርሰን ምንም አልጠረጠርንም። ጠራንዎት፤ መጡ፤ የምንጣፉን ጫፍ ገለጥ አድርገው መለሱትና “ሥራው እንከን የለውም። እማማ፣ ዕድሜ ነው፤ ጆሮዎን ይታዩ” አሏት። “ልጄ” የምትልዎት ሴት አመነችዎት፤ እኛም አመንን። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደወልላት “እኔ አልሰማም” እያለች ለእኔ ታቀብለኝ ጀመር። ማዕድ ላይ ስንስቅ ፊታችንን አይታ ዘግየት ብላ ትስቃለች። ኋላማ “እናንተን ከማደክም” ብላ መኝታ ቤቷ መዋል ያዘች።

ሦስተኛ፦ ይኼኛው ሐሜት ነው፤ ግን ምንጩ የታመነ ነው። ከሐኪም እንደተመለስን ምንጣፉን ብገልጠው ሽቦዎቹ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ተሰጣጥተው ተኝተዋል። ደረጃ ላይ ላገኘኋት ባለቤትዎ ይህን ስነግራት ትንሽም አልደነገጠች። “ኧረ ያኔውኑ ተላቆ አይቶታል እኮ! ሁላችሁም ቆማችሁ ስታዩት አፈረና...” ብላ አፏን በመዳፏ ያዘች። ምነው ባላዩት ኖሮ! አላየሁም ቢሉኝ እኮ ዛሬውኑ ይቅር ባልኩ። ራስዎን ከእፍረት ለማዳን የእናቴን ጆሮ መስጠትዎን ግን ምን ብዬ ላመስግን?

አሁን ሽቦውን በማያያዣ ቀጥለነዋል፤ ድምፁ ተመልሷል፤ እናቴ ግን ወደ ሳሎን አልተመለሰችም። እኛ ብንነግራት ለማጽናናት ይመስላታል። ስለዚህ ሥራዎ ቢበዛም አንድ ጊዜ መጥተው፣ በዚያው አንደበትዎ፣ “እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ” እንዲሏት በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ሥልጣንዎን ያጽናልን፤ ውለታዎን እኔ መክፈል ስለማልችል ከላይ ያለው ይክፈልዎ።

እህቴ ሲሏት የኖሩት የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ለራሴ በለሆሳስ ሳነበው፣ እናቴ ከመኝታ ቤቷ ሆና አንድም ቃል ሳያመልጣት ሰማችው። “ተይ፣ ስሙን አታጥፊ” አለችኝ። “ልጄ አይዋሸኝም፤ የእኔው ጆሮ ነው።”