ያልተንቀሳቀሰው ውሃ

ጥቅምት 4
የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ቦይለር ጠባቂ ከሆንኩ ዛሬ ሦስተኛ ሳምንቴ። ባለቤቴ ለእህቷ በስልክ፣ "አሁንስ እግሩ የተተከለ ይመስለኛል" ስትል ሰማሁ። አይፈረድባትም። ከባሕር ኃይል ከወጣሁ ወዲህ ያልሞከርኩት ምን አለ? የጭነት መኪና ነዳሁ፣ ዳቦ ጋገርኩ፣ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫወትኩ፣ ፎቅ ላይ ተንጠልጥዬ ቀለም ቀባሁ፣ ትምህርት ቤት በር ጠበቅኩ። ያባረረኝ የለም። በገዛ እጄ ነው። ፍሬኑ ጮኸ፣ ምድጃው ሸተተኝ፣ መሰላሉ ተነቃነቀ... አንድ ነገር ባሰጋኝ ቁጥር ጃኬቴን አንስቼ ውልቅ።
ታዲያ ወደ ቦይለር ምን አመጣኝ? ሌላ ሥራ ጠፋ። ሌላ ምን እላለሁ።

ጥቅምት 9
ካውያ ክፍል ያሉት ሴቶች ስድስት ናቸው። ትልቋን ሁሉም እትዬ ይሏታል። ዛሬ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "መርከበኛው፣ እንፋሎቱን ጨመር አድርግልን እንጂ፣ ሸሚዙ እኮ እንደ ግንባሬ ተጨማዶ ቀረ" አለችኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። በኋላ ግን በእኔና በእነሱ መካከል ያለው አንድ ስስ ግድግዳ መሆኑን አየሁ።

ጥቅምት 15
መስታወቷ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። ከቦይለሩ ጎን ያለች ቀጭን ቱቦ ናት፤ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ የምታሳይ። ግማሽ ላይ ነው። ደህና ነው። ግን አይንቀሳቀስም። የሚፈላ ውሃ እንዴት ቀጥ ብሎ ይቆማል? ትንሽ እንኳ ከፍ ዝቅ ማለት ነበረበት። ከሥሯ ያለችውን የውሃ መፈተሻ ቧንቧ ልከፍት ታገልኩ። በዝገት ተጣብቃለች።
ለአለቃችን ነገርኩት። "ግማሽ ላይ ነው አይደል ጋሼ? ታዲያ ምን ሆኑ?" አለኝ።
ምን ሆንኩ?

ጥቅምት 16
ሃያ ሁለት ዓመት ያልጻፍኩትን ልጻፈው።
መርከቡ ላይ ሥራዬ እታች፣ ቦይለሩ ጋ ነበር። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር፤ ጢሞ እንለው ነበር። ያን ቀንም ውሃው መስታወቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። "ና ውጣ" ማለት ስንት ቃል ነው? አላልኩም። አፌ ተሳሰረ፣ እግሬ ግን አልተሳሰረም። መሰላሉን እንደጨረስኩ ቦይለሩ ፈነዳ። ጢሞ በሕይወት ወጣ። ፊቱና ግራ እጁ ግን...
ለመርማሪዎቹ፣ "ነፋስ ልቀበል ወጥቼ ነበር" አልኳቸው። አመኑኝ።
ጢሞ አሁን ከገበያው ጀርባ ቁልፍ ይቀርጻል። በዚያ መንገድ አልፌ አላውቅም።

ጥቅምት 18
 
ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የጋለ ብረት ሸተተኝ። መስታወቷን አየሁ። ግማሽ። ቀጥ። ጃኬቴን መቼ እንዳነሳሁ እንጃ... ራሴን ያገኘሁት ግቢው በር ላይ ነው። ከውስጥ የእትዬ ሳቅ ይሰማል።
ተመለስኩ። ጀግንነት አይደለም። እንባዬ እየወረደ ነው የተመለስኩት። ካውያ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ "ውጡ" አልኩ። ድምፄ አልወጣም። ደገምኩት። "ውጡ፣ ሁላችሁም፣ አሁን።" እትዬ ፊቴን አየችና ካውያዋን አስቀምጣ ሌሎቹን እየገፋች አወጣች። ለምን እንኳ አላለችም።
ናፍጣውን ዘጋሁ። አለቃ እያለከለከ መጣ፤ ውሃ ሳያልቅበት አልቀረም አልኩት። "ውሃ ካነሰው ይልቀቁበታ" ብሎ እጁን ወደ ቧንቧው ሰደደ። ያዝኩት።
"በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባ ይፈነዳል፤ አብረን ነው የምንሄደው። ራሱ ይቀዝቅዝ። ና እንውጣ።"
ወጣን። ሁለታችንም።

ጥቅምት 20
ቴክኒሻኑ ፈታታው። ወደ መስታወቷ የሚወስደው ቀዳዳ በደለል ተደፍኗል፤ ግማሽ ላይ ያየሁት እዚያው ተይዞ የቀረ ውሃ ነው። በቦይለሩ ውስጥ ውሃ የለም ማለት ይቻላል። "ሌላ አስር ደቂቃ ቢነድ..." አለና ተወው። አለቃ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እትዬ "ዕድሜህን ያርዝመው" አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።
እራት ላይ የጢሞን ነገር ለባለቤቴ ነገርኳት። ሁሉንም። ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰች።
"ለእሱስ ነግረኸዋል?" አለችኝ።

ጥቅምት 25
ሄድኩ። በሱቁ ፊት ሦስት ጊዜ አለፍኩ። ቦይለሩን እንኳ እንዲህ አልፈራሁትም። ጢሞ በቀኝ እጁ ይሠራል፤ በግራው ደገፍ ብቻ ያደርጋል። ቀና ሳይል፣ "ግባ እንጂ፣ ብርሃን ጋረድከኝ" አለ።
ገባሁ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።
"ጢሞ... ያን ቀን መስታወቱን አይቼው ነበር። ሳልነግርህ ነው የሮጥኩት።"
ማሽኑን አጠፋ።
"አውቃለሁ። መሰላሉ ላይ ጫማህን አይቼዋለሁ።"
"ታዲያ ለመርማሪዎቹ ለምን አልተናገርክም?"
"አንተ ትናገራለህ ብዬ ስጠብቅ ነዋ።"
ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። ውጣልኝም አላለኝም። በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገልኝና ማሽኑን አስነሳ።
 ተቀመጥኩ። ሱቁን እስኪዘጋ አልተነሳሁም።