ለጋለ ኬብል እርጥብ ጨርቅ ላዘዙት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሾላ ጥላ መናፈሻ ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ስብሐት
ጉለሌ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የቢሮዎ መስኮት ወደ እንጦጦ የዞረ ስለሆነ ንጹሕ አየሩ ጤናዎን እንደሚጠብቅልን አምናለሁ፤ ከዚያ መስኮት ሆኖ ከታች የሚደረገውን ማየት እንደማይቻል ግን በቅርቡ ተረድቻለሁ። እኔ ኃይለ መለኮት እባላለሁ፤ አዲሱ ገበያ የመኪና ኤሌክትሪክ እጠግናለሁ። የምጽፍልዎ አቅመ ደካማ ጎብኚዎችን ዳገቱን የምታወጣውን የባትሪ መኪናዎን ስትነዳ ስለነበረችውና እርስዎ ስላሰናበቷት ስለ ወይዘሮ ምሥራቅ ነው። ዘመዴ አይደለችም።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ ላመስግን። ወይዘሮ ምሥራቅ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ከወንበሩ ሥር የተቃጠለ ጎማ እንደሚሸታት፣ ባትሪዎቹን የሚያገናኘው ኬብልም እጅ እንደማያስነካ በጽሑፍ አመለከተች። እርስዎም የፀሐይ ሙቀት ነው አሏት። ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ መክረሙን ብታስታውስዎ፣ ሳይቆጡ፣ እርጥብ ጨርቅ እንድታለብሰው አዘዙ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ስኖር ያልደረስኩበት ጥበብ ነው።

ሁለተኛ፣ ደግማ ስታመለክት ዝም አላሉም። አውራ ጣት የሚወፍረውን አንዱን ኬብል አስወጥተው፣ ከጥበቃ ቤቱ የተረፈ ከእርሳስ የቀጠነ የመብራት ገመድ አስገቡለት፤ ቀጭኑ ለማጠፍ ይመቻል ብለው። ሦስተኛው ማመልከቻዋ የት እንደደረሰ የሚያውቀው መሳቢያዎ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ረፋድ፣ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ አባባ ያዕቆብ ተሳፈሩ። ዕድሜያቸውን ሸማ ሲሠሩ ኖረው ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ከተቀመጡበት ሥር ጭስ ወጣ። ወይዘሮ ምሥራቅ ፍሬን ይዛ ወረደችና፣ «አባባ፣ አንገቴን ይያዙ» ብላ አዝላቸው ሣሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያም ተመልሳ ወንበሩን አነሣች፤ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ የጋለውን ገመድ ከባትሪው ነቀለችው። ነጠላው ተቃጠለ፤ መዳፏም አብሮ። አባባ ያዕቆብ ይህን ነገሩኝና፣ «እግሬ ቢታዘዘኝ እኔ እሷን ባወጣኋት ነበር» አሉኝ። ይህንኑ ለእርስዎ ሊመሰክሩ በማግሥቱ በከዘራ መጥተው፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብለው፣ እስከ ምሳ ሰዓት ደጅዎ ተቀምጠው ተመለሱ። ስብሰባው ፍሬያማ እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ።

ፍሬውን በሦስተኛው ቀን አየነው፤ ወይዘሮ ምሥራቅ መዳፏ በፋሻ እንደተጠቀለለ «በቸልተኝነት ንብረት ላይ ጉዳት በማድረስ» የሚል የስንብት ደብዳቤ ተሰጣት። ለሦስት ማመልከቻ አንድ ምላሽ ያልጻፈ እጅ ይህን ያህል ሲፈጥን መቼም ያስደንቃል።

እኔን ያስጠሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። መኪናዋ ሥር ተንበርክኬ ያየሁትን በአጭሩ ላስረዳዎ። የባትሪው ራስ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ለብሷል፤ ብሎኑ በጣት ይዞራል። የላላና የዛገ ማያያዣ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ያጠብበታል፣ የጠበበውም ቦታ ይግላል። ያ ቀጭን ገመድ ደግሞ ዳገት ላይ የሚጠየቀውን ኃይል መሸከም ስላልቻለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀለጠ። ዝገቱን በሶዳና በውኃ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ወፍራም ኬብል አስገብቼ ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ሦስት ጥበቃዎች አሳፍሬ ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጣሁና ኬብሉን በባዶ እጄ ጨበጥኩት፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ይህንኑ ጽፌ ባቀርብ መለሱልኝ። «ሹፌሯ ከልክ በላይ ጭና ነው ብለህ አስተካክለው» አሉኝ። እነሆ አስተካክዬዋለሁ፤ አንድ ሰው ብቻ ያነበው ነበር፣ አሁን በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ጉለሌ ሁሉ ያነበዋል።

ከማይገባዎ አክብሮት ጋር፣ ዘወትር ወንበርዎን የሚያስብልዎ፣
ኃይለ መለኮት
የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ አዲሱ ገበያ

ከፊርማዬ በኋላ፦ ወይዘሮ ምሥራቅ መዳፏ እየዳነ ነው፤ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እኔ ዘንድ ትሠራለች። ትናንት ሌሎቹን የባትሪ መኪናዎችዎን ከሚነዱት አንዱ ኬብሉ ጋለብኝ ብሎ ተደብቆ መጣ። እሷም በደህናው እጇ ብሎኑን እንዴት እንደሚፈትሽና እንደሚያጠብቅ አሳየችው። ለእርስዎ እንዳንነግር ለምኖናል፤ ስለዚህ ስሙን አልጽፍም። ዛሬ እንግዶችዎን ያለ ጭስ ዳገቱን የምታወጣው የእሱ መኪና የዳነችው ባባረሯት ሴት እጅ መሆኑን ግን ቢያውቁት አይከፋም።