ለሁሉም አምስት ሰጠን

ልጄ ማርያማዊት፣ የአዘዞው ተክለ ሃይማኖት በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። መሪጌታ አባትሽም ጉልበታቸው ተሽሏቸው ማኅሌት መቆም ጀምረዋል።

ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለምታጠኚው ጥናት የላክሽው የጥያቄ ወረቀት ደርሶናል። ርዕሰ መምህሩ እኛን ወላጆችን ሰብስበው ራሳቸው አደሉን፤ ሞልተን እስክንጨርስም አጠገባችን ቆመው ጠበቁ። ለርዕሰ መምህሩና ለመምህራኑ ከአንድ እስከ አምስት ስጡ ይላል። አባትሽ «ከመቼ ወዲህ ነው ተማሪ ቤት መምህር የሚመዘነው?» ብለው ለሁሉም አምስትን ከበቡ። እኔም ርዕሰ መምህሩን ቀና ብዬ ባያቸው አፈርኩና አምስት አልኩ።

ቤት ስገባ እህትሽ ጸሎት የፊዚክስ ደብተሯን አምጥታ አሳየችኝ። መምህሩ ከጥቅምት ወዲህ ክፍል ገብቶ አያውቅም፤ ደብተሩ ከሦስት ገጽ በኋላ ባዶ ነው። ለእሱም አምስት ሰጥተነዋል! እሷ ደግሞ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። «ምነው እማዬ፣ እኔን ሳትጠይቂኝ?» አለችኝ።

የእኔን ወረቀት ሰርዢው፤ ደብተሯን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ መልሴ እሱ ነው። አደራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየደወልሽ ፊዚክሱን አስጠኛት። ጥናትሽን ለፍሬ ያብቃልሽ። ሰው ፊት ቆሞ እውነት የሚናገር አንደበት ይስጥሽ፤ እኔ አጥቼዋለሁና።

እናትሽ ለተ ማርያም