የደፈንኩት ቱቦ

ልጄ ሸዋወርቅ፣ በሰው አገር አማኑኤል ከለላ ይሁንሽ። ዙለይካ ይህን በእጇ ስለምታደርስልሽ የሆዴን ልንገርሽ።

ወንድምሽን ሐዲስን ለውትድርና እንዳያፍሱብኝ ምድር ቤት ደብቄዋለሁ። ክረምት ሲገባ እታች ውሃ ስለሚያቁር በፓምፕ ወደ መንገድ እናስወጣው ነበር። ቀበሌዎች «መንገዱ ጨቀየ፣ ቱቦውን ይድፈኑ» አሉኝ። እምቢ ብል ወርደው ሊፈትሹ ነው፤ በገዛ እጄ ሲሚንቶ አቡክቼ ደፈንኩት። አሁን ውሃው ጉልበቱ ጋ ደርሷል፤ በባልዲ እንዳላወጣ ሰው ያየኛል። ሳልም ይዞታል፤ ሲያስል እንዳይሰማ እኔም ከላይ አብሬው አስላለሁ። ጎረቤቱ «እትዬ ሙሉብርሃን፣ ሳሉ ጠናብዎት» እያለ ዳማከሴ ያመጣልኛል፤ ለእሱ አወርድለታለሁ።

መድኃኔዓለም ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ስትጽፊ ግን አደራ፣ የወንድምሽን ስም አታንሺ፤ እዚህ ቤት ከእኔ በቀር ሰው የለም።

እናትሽ